ድር የማታደራ ሸረሪት

ይህ ምልልስ በሁለት ሰዎች መካከል የተካሄደ ተደርጎ የተጻፈ ነው። አንደኛው ቢቸና ውስጥ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛዋ ሞጣ ላይ በወባ መከላከል ሥራ የተሰማራች የጤና ባለሙያ ናት። ሰዎቹን ለክርክሩ ስል ፈጠርኳቸው፤ የሚጠቅሷቸው ምርምሮች ግን በስማቸውና በዓመታቸው ያሉ ናቸው። ከተሞቹን የመረጥኩት ሁለቱም ከ2,400 ሜትር በላይ ደጋ ላይ ተቀምጠው፣ ከሁለቱም ወጣ ሲሉ መሬቱ ወደ አባይ በረሃ ስለሚወርድ ነው። ወባም የሚወጣው በዚያው መንገድ ነው።

የሞጣዋ፦ ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ሸረሪት ከተባለ ወሬው ድር ነው። ለዓመት በዓል ቤት ሲጠረግ ከማገሩ የሚወርደው ድር፣ ሰው የለቀቀው ቤት ምልክት የሆነው ድር፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባልለት ድር። እርስዎ ደግሞ ድር ስለማታደራ ሸረሪት እንከራከር ይሉኛል። ድር ከሌላት ምኑን ሸረሪት ሆነች?

የቢቸናው፦ የጠየቅሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ቋንቋችንም ይጠይቀዋል። ድር የሸማኔ ቃል ነው፤ ድርና ማግ ብለን ሸማ የምናወጣበት። ሸረሪትን በዚህ ቃል አስረን ሸማኔ አደረግናት፤ ሸማኔ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል እንጂ አያሳድድም። ባለድሯ እውነትም እንዲያ ናት። ዓይኗ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው፤ የሚመጣውን የምታውቀው ክሩ ሲነዝር ነው። ነገር ግን በዓለም ከተመዘገቡት ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዝርያዎች መካከል ከ6,000 የሚበልጡት፣ ከስምንት አንዱ ማለት ነው፣ ሳልቲሲዴ የሚባል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እኔ ዘላይ ሸረሪት እላቸዋለሁ። በዝርያ ብዛት የሚስተካከለው ሌላ የሸረሪት ቤተሰብ የለም። ከጥቂቶች በቀር እነዚህ ለአደን ድር አያደሩም፤ አይተው፣ ቀርበው፣ ዘለው ይይዛሉ። ሐሩ ግን አላቸው። ለመኝታቸው ከረጢት ይሠሩበታል፤ ሲዘሉም ከኋላቸው አንድ ክር ያስራሉ፤ ቢስቱ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ያንቺ አገር ሰው ሰባራ ድልድይ ገና ሳይጠገን በገመድ እየተሳበ አባይን ሲሻገር ገመዱን የዘረጋው ዓሣ ሊያጠምድበት አልነበረም፤ እንዳይወድቅበት ነው። የዘላይዋም ክር እንደዚያው ነው። ስለዚህ ድር የላትም ብለሽ ከሸረሪትነት ስታወጫት ከስምንት አንዱን ታወጫለሽ።

የሞጣዋ፦ ክሩን ተቀበልኩ። ዝላዩ ግን አልገባኝም። እግሯ እንደ ፌንጣ ጭን የወፈረ አይደለም፤ ያን ያህል የምትወረወረው በምን ጉልበት ነው?

የቢቸናው፦ በደሟ ግፊት ነው። የሸረሪት እግር የሚታጠፍበት ጡንቻ አለው፤ ዋና ዋና መገጣጠሚያዎቹን የሚዘረጋበት ግን የለውም። እሷ የምትዘረጋው ፈሳሹን ከደረቷ ወደ እግሯ በመግፋት ነው፤ ተጣጥፎ የወደቀ የውኃ ጎማ ቧንቧው ሲከፈትበት ቀጥ እንደሚለው። ፓሪና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን ለክተው አሳይተዋል። የሞተች ሸረሪት ሁልጊዜ እግሯን ሰብስባ የምትገኘውም ለዚህ ነው፤ ግፊቱ ሲቆም የማጠፊያው ጡንቻ ብቻውን ይቀራል። ደግሞም ዝላዩ ለስሟ ይሁን እንጂ ለክርክሬ ትንሹ ነገር ነው። ለክርክሬ የምፈልገው ዓይኗን ነው። ስምንት አላት። ስድስቱ ዙሪያውን ይጠብቃሉ፤ የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ያሳውቋታል። ከፊት መሐል ያሉት ሁለቱ ትላልቆች ግን እንደ ሩቅ ማያ መነጽር የረዘሙ ቱቦዎች ናቸው፤ ከቱቦው ጫፍ ያለው ሬቲና በጡንቻ ወዲያ ወዲህ እየተሳበ ያየውን ነገር ዳር ዳሩን ይቃኛል። ሬቲናው ራሱ አራት ድርብ ነው። ናጋታና ባልደረቦቹ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ2012 ሃሳሪየስ አዳንሶኒ በምትባል፣ በሞቃት አገሮች ቤት ውስጥ በምትኖር ዘላይ ሸረሪት ላይ እንዳሳዩት፣ ርቀትን የምትመትረው በአንደኛው ድርብ ላይ የጠራውንና በሌላው ላይ የደበዘዘውን ምስል እያነጻጸረች ነው። በአረንጓዴ ብርሃን ልክ ትዘላለች፤ ቀይ ብርሃን ብቻ ሲበራባት ግን አሳጥራ ትወድቃለች። ስሌቷ የተያዘው ስትሳሳት ነው።

የሞጣዋ፦ ይሄ ሁሉ ይግረመኝ እሺ። ግን እኔ የምውለው ከትኩሳት ጋር ነው። ልጆቹ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ፤ ሌሎቹ በረሃው አፋፍ ላይ እርሻ አላቸው፤ ሲመለሱ ወባውን ይዘው ይመለሳሉ። ደጋ ነን ብለን እንዳንተኛ እ.ኤ.አ. በ1958 የደረሰውን እናውቃለን፤ በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ያ ወረርሽኝ ወባ አያውቀንም ያሉ ከፍተኛ ቦታዎችንም አዳርሷል። አሁን ደግሞ ኬንያ ውስጥ ቢምቢ የምትበላ ሸረሪት ተገኘች የሚል ወሬ ሰምተው «አጎበሩን ትተን ሸረሪት እናርባ ወይ» የሚሉኝ አሉ። እርስዎም ወደዚያው ሊወስዱኝ ነው ብዬ እፈራለሁ።

የቢቸናው፦ ወደ ሸረሪቷ እወስድሻለሁ፤ ወደዚያ መደምደሚያ ግን አልወስድሽም። ስሟ ኤቫርካ ኩሊሲቮራ ነው። ኤቫርካ የወገኑ፣ ጂነስ የሚሉት፣ መጠሪያ ነው፤ ፈረንሳዊው ዩጂን ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው ስም ሲሆን በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ የተበተኑ ብዙ ዝርያዎችን ይሰበስባል። ኩሊሲቮራ ደግሞ በላቲን ትንኝ በል ማለት ነው። ዝርያዋን እ.ኤ.አ. በ2003 የገለጿት ፖላንዳዊቷ ዋንዳ ቬሶዎቭስካና በኒውዚላንዱ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ጃክሰን ናቸው፤ የተገኘችውም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ምቢታ በተባለ ቦታ፣ የቤት ግድግዳ ላይ ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ይቺ ሸረሪት የወባ መድኃኒት አይደለችም፤ ሆኖም ወባን የሚዋጋ ሰው መለየት ያለበትን ሦስት ነገር እሷ ትለያለች። የትኛዋ ትንኝ እንደሆነች፣ ሴት መሆን አለመሆኗን፣ ደም መጥጣ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ። እኛ እነዚህን ለመለየት ማጉያ መነጽርና ሥልጠና ያስፈልገናል። እሷ ከሰናፍጭ ፍሬ በማይበልጥ ጭንቅላቷ ትለያቸዋለች። ክርክሬ ያለው እዚህ መለየት ላይ ነው።

የሞጣዋ፦ «ትለያለች» ትልቅ ቃል ነው፣ ጋሼ። ድመትም አይጥ ትበላለች፤ አይጥን ከፍልፈል ትለያለች አንልም፤ የተንቀሳቀሰውን፣ መጠኑ የሚበቃትን ትይዛለች። ሸረሪቷስ ቤት ውስጥ የሚበዛው ቢምቢ ስለሆነ ቢምቢ ብትበላ ምን ይገርማል?

የቢቸናው፦ ተመራማሪዎቹም የጀመሩት በዚሁ ጥርጣሬ ነው፤ ሥራቸው የሚወደድልኝም ጥርጣሬውን አንድ በአንድ ስለዘጉት ነው። መጀመሪያ «በብዛት ያገኘችውን ነው» የሚለውን እንይ። ምቢታ ላይ በብዛት ያለው ትንኝ አይደለም። ከሐይቁ እንደ ጭስ እየተነሳ ግድግዳውን የሚሸፍነው የሐይቅ ዝንብ ነው፤ መልኩ ከትንኝ ይቀራረባል፤ ደም ግን አይመጥም። ትንኝ በዚያ መንጋ ውስጥ ጥቂቷ ናት። ከብዙው መሐል ጥቂቷን ፈልጎ መያዝ ባገኙት መጥገብ አይደለም። ቀጥሎ «የተንቀሳቀሰውን ነው» የሚለው ነው። ጃክሰን፣ ሂሜና ኔልሰንና ኬንያዊው ጎድፍሬይ ሱኔ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ ያቀረቡላት የማይነቃነቅ ማጥመጃ ነበር፤ የሞቱ ነፍሳት በሕይወት እንዳሉ ሆነው እንዲያርፉ ተደርገው፣ መጠናቸው ተስተካክሎ። ደም የመጠጠች ሴት ትንኝ በአንድ ወገን፤ በሌላው ወገን አንዴ ወንድ ትንኝ፣ አንዴ ስኳር ብቻ የቀመሰች ሴት ትንኝ፣ አንዴ ትንኝ ያልሆነ ነፍሳት። ደጋግማ የመረጠችው ደም የመጠጠችዋን ነው። ቀጥለው ማየቱን ከለከሏት፤ ከሁለት ወገን ሽታው ብቻ በአየር እንዲደርሳት አደረጉ። በሽታም ደም ወዳለበት ሄደች። እንግዲህ ዓይን ብቻ ሲሰጣትም፣ አፍንጫ ብቻ ሲሰጣትም መልሷ አንድ ሆነ ማለት ነው። ያንቺ ድመት በዚህ ሚዛን ተፈትና ታውቃለች?

የሞጣዋ፦ ድመቴን ይተዉልኝ። መጠኑስ? ምናልባት የጠገበች ትንኝ ሆዷ ስለተነፋ ትልቅ መስላ ታይታት ይሆናል። ትልቁን ጉርሻ መምረጥ ደግሞ ለሁሉም የተሰጠ ነው።

የቢቸናው፦ ይህንም በዚያው ጽሑፍ ፈትሸውታል፤ ውጤቱ ከሁሉም ይልቅ እኔን የያዘኝ ነው። ሁለቱም ትንኞች ደም የመጠጡ፣ ወይም ሁለቱም ያልመጠጡ ሲሆኑ፣ ትንንሾቹ የሸረሪት ልጆች ትንሿን ትንኝ ይመርጣሉ፤ ትልልቆቹ ትልቋን። ለአቅማቸው ማለት ነው። ደምና መጠን ሲጋጩ ግን ደም ይበልጣል። ደም ያለው በትልቋ ከሆነ ልጇ ከአቅሟ በላይ የሆነችውን ትደፍራለች፤ ደም ያለው በትንሿ ከሆነ ትልቋ ሸረሪት ትልቁን ጉርሻ ትታ ትንሹን ትወስዳለች። ሁለት ሚዛን አላት፤ አንዱን ከሌላው በላይ ታደርጋለች። ይህ መሳብ ብቻ ሳይሆን ማስቀደም ነው። ኔልሰንና ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ሠሩ። የአንዱን ትንኝ ራስ ከሌላው ሆድ ጋር አጋጥመው የማይኖር ፍጥረት አበጁ፤ ወንዱ በአንቴናው ላይ እንደ ላባ የበዛ ፀጉር አለው፣ የሴቷ ግን ቀጭን ነው። የሴት ሆድ በደም ተሞልቶ ራሱ የወንድ ከሆነ ትመርጠዋለች ወይ ብለው ጠየቁ። ሸረሪቷ ቀዩን ሆድ ብቻ አይታ አልተታለለችም፤ አንቴናውንም ትመለከታለች። አንቺ በማጉያ መነጽር ወንድና ሴት የምትለዪው በምን ነው?

የሞጣዋ፦ በአንቴናው ነው፤ ሥልጠና ላይ መጀመሪያ የሚያስተምሩን እሱን ነው። የወባ ትንኝ መሆኗን ደግሞ በአራረፏ፤ ሌላው ቢምቢ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ሲያርፍ አኖፊለስ ሆዷን ወደ ላይ አንጋጣ ታርፋለች።

የቢቸናው፦ ተመልከች፤ የሸረሪቷ ልጆች የሚጠቀሙበት ምልክት ያው ነው። ገና ትንንሽ ሳሉ ትንኟ ከእነሱ ትበልጣለች፤ ፊት ለፊት ቢመጡ አይችሏትም። አኖፊለስ ስትሆን ግን ዞረው ከኋላዋ ይመጣሉ፣ ከተነሳው ሆድ ሥር ይገባሉ፣ ከታች ይይዟታል። አንቺ ከመጽሐፍ የተማርሽውን ምልክት እነሱ ለመኖር ይጠቀሙበታል።

የሞጣዋ፦ እዚህ ላይ ግን ልያዝዎት። «ትለያለች»፣ «ታስቀድማለች» ሲሉ ቆይተው «ልጆቿም ያውቁታል» አሉኝ። ካልተማሩት ከደማቸው ጋር የመጣ ነው። ሥሪት ነው። ሥሪትን ብልኃት ብለው አያክብሩልኝ፤ ሰዓትም ሳያስብ ሰዓት ይናገራል።

የቢቸናው፦ መያዣሽ ጥሩ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ማንም ልጆቹን አላስተማራቸውም። የማልቀበለው ከዚያ የምታወጪውን ነው። ሰዓት አንድ ነገር ይናገራል፤ ይቺ ግን የምትቀበለው መረጃ ይለዋወጣል፤ ዓይን ሲዘጋ አፍንጫ ይተካዋል፤ መጠን ከደም ሲጋጭ ደረጃ ታወጣለች፤ አኖፊለስ ከሆነች በአንድ መንገድ፣ ካልሆነች በሌላ መንገድ ትቀርባለች። ሕጉ ከእናቷ የወረሰችው ሊሆን ይችላል፤ ሕጉን እፊቷ በቆመው ጉዳይ ላይ ማዋሉ ግን በየጊዜው አዲስ ነው። ዳኛም እኮ ሕጉን አልጻፈውም። በሌላ በኩል አክብሮቴ ልክ እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ሸረሪቷ የሞተ ማጥመጃ ላይ ዘላለች፤ ሬሳ አሞኝቷታል። የሚሞኝ ዳኛ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም አልልም። የዚያው ወገን የሆነችውን ኤቫርካ አርኩዋታን እ.ኤ.አ. በ2022 ጀርመን አገር ዳኒዬላ ሮስለርና ባልደረቦቿ ሌሊት በካሜራ ተከታትለዋታል። ገላቸው ገና ስስ የሆነ ልጆች በክር ተንጠልጥለው ሲተኙ የዓይናቸው ቱቦ ከውጭ ይታያል፤ ሬቲናቸው በየተወሰነ ጊዜ፣ ሰው በሕልም እንቅልፉ እንደሚያደርገው ዓይነት፣ ይርገበገባል። ሕልም ታያለች ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ሰዓት ናት ብሎ መደምደምም እንዲሁ።

የሞጣዋ፦ እሺ፣ ደሙን ለምን ፈለገችው? ትንኟ እንዳለች ሥጋዋ አይበቃትም?

የቢቸናው፦ አንዱ ምክንያት ጋብቻ ነው። ፊዮና ክሮስ፣ ጃክሰንና ፖላርድ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ደም የመጠጡ ትንኞችን የበላች ሸረሪት ለተቃራኒው ፆታ የሚማርክ ሽታ ታወጣለች፤ ሌላ የበላች አታወጣም። ለሙሽርነት የሚቀቡት ሽቶ ከእኛ ደም የተጠመቀ ነው በይው። ክሮስና ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሰው ያደረገውን ካልሲና ንጹሕ ካልሲ ቢያቀርቡላት፣ የሰው ሽታ ወዳለበት ሄዳለች። ሰው ባለበት ደም ያላት ትንኝ አለች። እዚህ ግድም ያሉ ሁለት ተክሎችም ይስቧታል፤ አንዱ የወፍ ቆሎ ነው፣ ሌላው ጉሎ።

የሞጣዋ፦ ጉሎ! ከየሰዉ ጓሮ የማይጠፋው! እሺ፣ አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። ሸረሪቷ የምትፈልገው ደም የመጠጠችዋን ነው አሉ። እንግዲያው የምትደርሰው ከተነከስን በኋላ ነው። ሌባው ከወጣ በኋላ በር ላይ የሚጮህ ውሻ ምን ይጠቅማል? ያልነከሰችውን ብትበላልን ነበር የሚሻል።

የቢቸናው፦ ይህ ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ነው፤ መልሱ ግን ካንቺው ሙያ ውስጥ ነው ያለው። ትንኝ በሽተኛ ስትነክስ የወሰደችው ተሕዋስ በዚያው ቀን አይተላለፍም። በሆዷ ውስጥ ተራብቶ ወደ ምራቅ እጢዋ እስኪደርስ እንደ አየሩ ሙቀት አሥርና ከዚያም በላይ ቀናት ይፈልጋል፤ ብርድ ሲበዛ ጨርሶ አይደርስም፤ ቢቸናና ሞጣን በአብዛኛው የሚጠብቃቸውም ይኸው ነው። ትንኟ ደግሞ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ትመጣለች። ስለዚህ አደገኛ ከመሆኗ በፊት ብዙ ጊዜ ደም መጥጣ፣ ብዙ ጊዜ ከብዷት ግድግዳ ላይ ማረፍና በየጊዜው በሕይወት መትረፍ አለባት። ጆርጅ ማክዶናልድ በ1950ዎቹ በስሌት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ወባን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የትንኟ ዕድሜ እንጂ ቁጥሯ ብቻ አይደለም። የግድግዳ ርጭት የሚሠራበት ምሥጢርም ይኸው ነው። መድኃኒቱ ሲረጭ ያልነከሰችዋን አያግድም፤ ነክሳ የከበዳት ግድግዳው ላይ ስታርፍ ይገድላታል። ማንም ርጭቱን ሌባው ከወጣ በኋላ የሚጮህ ውሻ አይለውም። ሸረሪቷ የቆመችው ርጭቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያችኑ ትንኝ ለመያዝ ነው። ሌባዋ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳትመለስ የምታደርገው እሷ ናት፤ ወባ ደግሞ የሚተላለፈው በመመለስ ነው።

የሞጣዋ፦ ታዲያ «መድኃኒት አይደለችም» ያሉት እርስዎ አይደሉም? አሁን ከርጭት ጋር አስተካከሏት።

የቢቸናው፦ ቦታዋን እንጂ አቅሟን አላስተካከልኩም። ርጭት ግድግዳውን ሁሉ ይሸፍናል፤ እሷ አንድ ግድግዳ ላይ ብትበዛ ጥቂት ናት፤ አንዷን ከያዘች በኋላ ተቀምጣ ትበላለች። ትንኝ በአንድ ጊዜ መቶ ገደማ እንቁላል ትጥላለች። በዚህ ውድድር ሸረሪት አታሸንፍም፤ ምቢታ ላይም ወባ አልጠፋም። ከዚያ ሌላ የእኛ አገር ዋና አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናት። ምቢታ ላይ ከተፈተነችው ከአኖፊለስ ጋምቢዬ ጋር በመልክ የማይለዩ መንትዮች ናቸው፤ ስለዚህ የሸረሪቷ ዓይን ቸግሮት የሚለያት አይመስለኝም። ጠባይዋ ግን ይለያል፤ ከብትም ትነክሳለች፣ ውጭም ታርፋለች። ግድግዳ ላይ የማታርፍን ትንኝ የግድግዳ አዳኝ አያገኛትም። ርጭታችሁም በዚሁ ምክንያት ሙሉ እንደማይሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የሞጣዋ፦ አውቀዋለሁ። ሌላም አለ፤ ርጭቱ ትንኝን ከሸረሪት አይለይም። እኛ አንዱን ለማጥፋት ስንገባ ሁለቱንም እናጠፋለን። እንግዲያው ለሚጠይቁኝ ሰዎች ምን ልበል? ከኬንያ አምጥታችሁ በአባይ በረሃ ቀበሌዎች ልቀቁ ቢሉኝስ?

የቢቸናው፦ አይሆንም በያቸው፤ ምክንያቱን ከአፋር አምጪላቸው። ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ የመጣው በረሃን ለማልማት ተብሎ ነው፤ አሁን ግጦሹን የበላው እሱ ነው። ከሁለት አሥርት ዓመት በላይ ተጠንታ እንኳ ይቺን ሸረሪት ከሐይቋ አንስቶ ሌላ ቦታ መልቀቅ የሚገባ ነገር ሆኖ አልታየኝም። አጎበሩ ይንጠልጠል፤ ርጭቱ ይቀጥል፤ ትኩሳት ያለው ይመርመር። በዚህ ላይ ሸረሪቷ ምንም አትለውጥም። ግን አንድ ነገር ትለውጣለች ብዬ አምናለሁ፤ «ቢምቢ በዛ» የሚለውን ሪፖርት። ቢምቢ መብዛቱ ብቻውን ምንም አይነግርም። አኖፊለስ ናት ወይ፣ ሴት ናት ወይ፣ ደም መጥጣለች ወይ፣ የመጠጠችውስ ከሰው ነው ወይስ ከከብት፣ ጠዋት የተገኘችው በየትኛው ግድግዳ ላይ ነው? የመጨረሻዎቹን ሁለት ሸረሪቷ አትጠይቅም፤ እኛ መጨመር አለብን። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ግን ጠይቃ ነው የምትዘለው።

የሞጣዋ፦ ፎርማችን ላይ ሦስቱም አሉ። የሚሞላው ግን ሁልጊዜ አይደለም።

የቢቸናው፦ እኔ የጠረጠርኩትም እሱን ነው።

የሞጣዋ፦ እንግዲያው ካገሩ ሰው የመጣ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። የእኛ ቤት ግድግዳ ላይ የምትዘለዋ እሷ ናት?

የቢቸናው፦ ግራጫ ሆና ጠፍጠፍ ያለች፣ ፀሐይ የሞቀው ግድግዳ ላይ ዝንብ ለመያዝ የምታደባ ካየሽ ሌላ ወገን ናት፤ ሜኔሜረስ የሚሏት ዓይነት በአፍሪካ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተለመደች ናት፤ ዝንብም ትበላለች፣ ሌላም ትበላለች፣ ለደም የተለየ ፍቅር የላትም። ዘላይ ሁሉ ኤቫርካ አይደለም፤ ኤቫርካም ሁሉ ትንኝ በል አይደለም። ደግሞ አገራችን ለእነዚህ ፍጥረታት ባዶ ገጽ እንዳይመስልሽ፤ ያቺው ቬሶዎቭስካ ከቶማሲዬቪች ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች ላይ አዳዲስ ዝርያዎችን የገለጸ ሰፊ ጽሑፍ አሳትማለች። ኩሊሲቮራን ወይም የቅርብ ዘመዷን እፈልጋለሁ የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ ግን ቢቸና ላይ ግድግዳ እንዲያይ አልልከውም፤ ሞጣም አልልከውም። የቪክቶሪያ ሐይቅ ወለል 1,134 ሜትር ላይ ነው። እሷ የሞቀ አገር፣ ሰው ያለበት ቤት፣ ደም የመጠጠች ትንኝ ትፈልጋለች። ሦስቱ በአንድነት የሚገኙት በረሃው ሥር ነው።

የሞጣዋ፦ የምትፈለገው ወባው ካለበት ነው ማለት ነው።

የቢቸናው፦ ካለበት ነው። ቁልቁል ይወርዳል፤ ጉሎ ወይም የወፍ ቆሎ አጠገቡ የበቀለበትን ቤት ይመርጣል፤ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ ጠዋት ይገባል፤ ትንኟ ሌሊቱን ጠጥታ ግድግዳው ላይ ከብዳ ባለችበት ሰዓት። መጀመሪያ ትንኟን ይፈልግ። ከእሷ ጀርባ፣ ከተነሳው ሆድ በታች፣ ሌላ ነገር ተጠግቶ እንደሆነ ያን ጊዜ ያያል።

የሞጣዋ፦ አጎበር ውስጥ አድሮ ይሂድ።

የቢቸናው፦ አዎ፣ አጎበር ውስጥ አድሮ።